ወለድን መጥላት ሒሳብን ማወቅ ነውን?



በዛሬው ጽሑፋችን ብዙዎቻችን በፍቅር የምናያቸውን አንድ መሪ ልንተች ነው። ቅር የሚለው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነበን እንጠይቀዋለን። መሪው የቱርኩ ፕሬዝዳንት ረጀብ ጠይብ ኤርዶጋን ናቸው። የምንተቸው ስለ ፍልስጤም የተናገሩትን ወይም ለሒጃብ የሠሩትን አይደለም። እዚያ ላይ የየራሳችን አስተያየት ይኑረን። የምንመረምረው በገንዘብ ጉዳይ ያወጡትን ሒሳብና ለዚያ ሒሳብ ያለበሱትን ልብስ ነው።

የነገሩ መነሻ አንድ የምሽት ጨዋታ ነው። በ2024 አንድ ቀን መግሪብን ሰግደን ከጎረቤቶቻችን ጋር ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ዞረና ከኛ አገር ተነስቶ ቱርክ ደረሰ። ከመካከላችን ልብስና ጫማ ከኢስታንቡል እያመጣ የሚነግድ ወንድም ነበርና የሊራን መውደቅ አወሳ። አንድ ወጣት ቀበል አደረገና «ሰውየው ወለድን ሊያጠፉ ስለተነሱ ነው ዓለም የዘመተባቸው» አለ። ነጋዴውም «እንግዲያው ወለድን ካጠፉ የቱርክ ማዕከላዊ ባንክ ዘንድሮ 50 በመቶ ወለድ የቆረጠው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው። ወጣቱ መልስ አልነበረውም። እኛም የሰጠነው መልስ የተድበሰበሰ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያንን ለማካካስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የጻፍነው የቱርክ ሒሳብ በዚያ ስለሚሠራ ነው።)

የፕሬዝዳንቱ አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው፦ ወለድ ምክንያት ነው፣ የዋጋ ንረት ውጤቱ ነው፤ ስለዚህ ወለድ ሲቀንስ ዋጋም ይወርዳል። በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ደግሞ የዚህን ግልባጭ ይላል። ዋጋ ሲንር ማዕከላዊ ባንክ የወለዱን ተመን ከፍ ያደርጋል፣ ብድር ይወደዳል፣ ሰው እጁን ይሰበስባል፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል። ኤርዶጋን ይህን ትምህርት አልተቀበሉትም። በግንቦት 2018 ወለድን የክፋት ሁሉ እናትና አባት ብለው ጠርተውታል። ኢኮኖሚስት ነኝ፣ ትምህርቱንም ተምሬዋለሁ ብለው ሲናገሩም ተሰምተዋል።

አንባቢ ሆይ! በዚህ አስተያየት ውስጥ ምንም እውነት የለም ብለን አንጀምርም። ነጋዴ በወለድ ተበድሮ ዕቃ ሲያመጣ ወለዱን ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቱርክ የምትጠቀምበትን ነዳጅና ጋዝ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ ትገዛለች። የፋብሪካዎቿ ጥሬ ዕቃም ብዙው ከውጭ የሚመጣ ነው። ዋጋ እየናረ ሳለ ወለዱ ሲቀነስ ሊራ የያዘ ሰው ገንዘቡ በእጁ ሲቀልጥ ያያል፤ ስለዚህ ወደ ዶላርና ወርቅ ይሮጣል። ዶላር ሲወደድ ነዳጁ፣ ጋዙ፣ ጥሬ ዕቃው ይወደዳል። ነጋዴው ከወለድ የቀነሰለትን አንድ ሊራ ለነዳጅና ለዕቃ ሦስት አድርጎ ይከፍላል። ፕሬዝዳንቱ የሒሳቡን የመጀመሪያ መስመር በትክክል ጽፈው ቀሪውን ገጽ ሳያነቡ የቀሩ ይመስላል።

ለፍትሕ ሲባል ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ማንሳት ይገባናል። ፓርቲያቸው በኅዳር 2002 ምርጫ ሲያሸንፍ አገሪቱ ከ2001ዱ የባንኮች ቀውስ ገና አላገገመችም ነበር። አንድ ዶላር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ሊራ በላይ ይመነዘር ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ መልካም ነገር ታየ። በ2004 የዋጋ ንረቱ ለአሥርት ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ አንድ አሐዝ ወረደ። በጥር 2005 ከሊራው ላይ ስድስት ዜሮዎች ተፋቁ። በግንቦት 2013 ደግሞ ቱርክ ለዓለም የገንዘብ ድርጅት የነበረባትን ዕዳ ከፍላ ጨረሰች። ብዙዎቻችን ሰውየውን የወደድናቸው በዚያ ዘመን ነው፣ ፍቅራችንም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ያ ውጤት እንዴት መጣ? ማዕከላዊ ባንኩ ከፖለቲከኞች ትእዛዝ ነፃ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርገው ሕግ የወጣው በ2001፣ እርሳቸው ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት ነው። የኢኮኖሚውን ሥራም ለብዙ ዓመታት የያዙት እንደ ዓሊ ባባጃን ያሉ ሰዎች ነበሩ። ኤርዶጋን በጎ ስማቸውን ያተረፉት ቁጥሩን ለቁጥር ሰዎች በተዉበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ባባጃን በ2019 ከፓርቲው ወጥተው በተከታዩ ዓመት የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ በሐምሌ 2019 ተነሱ። ተተኪያቸው በኅዳር 2020 ተነሱ። ሦስተኛው ናጂ አግባል በመጋቢት 2021 የወለዱን ተመን ወደ 19 በመቶ ከፍ ባደረጉ በሁለተኛው ቀን ተሰናበቱ። በሃያ ወር ውስጥ ሦስት ገዥዎች! አራተኛው ሰው የተፈለገውን ይሠራ ጀመር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2021 ባሉት አራት ስብሰባዎች ተመኑ ከ19 ወደ 14 በመቶ ወረደ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በሰባት ሊራ ከምናምን ይገኝ የነበረው ዶላር በታኅሣሥ 20 ቀን ከ18 ሊራ አለፈ።

ይህ ቁጥር በአንድ ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አብረን እናስላ። በ2021 የአንድ ቱርካዊ ሠራተኛ ዝቅተኛው የተጣራ ደመወዝ በወር 2,825 ሊራ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ምንዛሪ ወደ 380 ዶላር ይሆናል። በታኅሣሥ 2021 አጋማሽ ፕሬዝዳንቱ ደመወዙ በ50 በመቶ አድጎ 4,253 ሊራ መግባቱን ሲያበሥሩ ጭብጨባው ደመቀ። በዚያው ቀን ምንዛሪ ግን አዲሱ ደመወዝ 275 ዶላር ያህል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ከ240 ዶላር በታች ወረደ። በግማሽ ያደገ ደመወዝ ከሲሶ በላይ አነሰ ማለት ነው። ዳቦ በዶላር አይገዛም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ዱቄቱን ያመጣው መኪና የሚጠጣው ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው። እኛም በሐምሌ 2024 የብራችን ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ሲያልፍ ያየን ሰዎች ነንና ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻንም።

ወደ ዋናው ጉዳይ አሁን ደረስን። ሊራው እንዲህ እየወደቀ ሳለ፣ በታኅሣሥ 19 ቀን 2021፣ ፕሬዝዳንቱ ወለድን ስለመቀነሳቸው ሲናገሩ እኔ ሙስሊም ነኝና ነስ የሚያዘውን አደርጋለሁ የሚል ሐሳብ ያለው ንግግር አደረጉ። ነስ ማለት የቁርኣንና የሐዲሥ ግልጽ ድንጋጌ ነው። ከዚህ በኋላ ሊከራከር የሚችል ማነው? ቁጥሩ ተሳስቷል የሚል ሰው ነስን እንደሚቃወም ሆኖ ሊቆጠር ነው። ብዙ ወጣት ሙስሊሞችም እዚህ ላይ ተሸነፉ። በኛ ሻይ ላይ የተቀመጠው ወጣት ከነዚያ አንዱ ነበር።

ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ሪባን እርም አድርጓል። ከርሱ የማይርቁትንም ለሌላ ወንጀል ባልተነገረ ዓይነት ማስጠንቀቂያ አስጠንቅቋል። በዚህ ላይ በሙስሊሞች መካከል ክርክር የለም። እርም የተደረገው ግን ውሉ ነው፤ ማለትም በብድር ላይ ትርፍ መቁጠሩ ነው። ከ19 ወደ 14 የወረደ ሪባ ያው ሪባ ነው፤ አንድም ቢሆን፣ ግማሽም ቢሆን እንዲሁ። በ2021 መጨረሻ በቱርክ የነበሩት ባንኮች ከዚያ በፊት እንደነበሩት በወለድ ያበድሩ፣ በወለድ ይበደሩ ነበር። የተለወጠው የኃጢአቱ ዋጋ ነው እንጂ ኃጢአቱ አልተነካም። ጠጅ ቤት ሳይዘጋ የጠጁን ዋጋ በግማሽ የቀነሰ ሹም ሸሪዓን አስከበርኩ ቢል ምን እንለዋለን?

ወለድን ለማጥፋት የተነሳ መንግሥት ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ያለ ወለድ፣ በሽርክናና በሙዷረባ የሚሠሩትን ባንኮች ያሳድጋል። ገንዘቡ እንዳይቀጥን ወጪውን ይቆጥባል። ሰው ያለ ወለድ ቤት የሚሠራበትንና የሚነግድበትን መንገድ ያበጃል። ፕሬዝዳንቱ ይህን ንግግር ሲያደርጉ መንግሥትን መምራት ከጀመሩ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራቸው ከወለድ ነፃ የሚሠሩት ባንኮች ከጠቅላላው የባንክ ሀብት አንድ አሥረኛውን እንኳ አልያዙም ነበር።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ነገርም አለ። ወለዱ ዝቅ፣ ግሽበቱ ከፍ ሲል ማን ተጠቀመ? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለ ፋብሪካ ሕንፃውን መያዣ አድርጎ አንድ ሚሊዮን ሊራ በ14 በመቶ ተበደረ እንበል። በዓመቱ 1,140,000 ሊራ ይመልሳል። በተበደረው ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። በዓመቱ ውስጥ ዋጋ በ80 በመቶ ናረ። ዕቃው 1,800,000 ሊራ አወጣለት። አንድ ላብ ሳያንጠባጥብ 660,000 ሊራ አተረፈ። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። በባንክ ጥቂት ሊራ ካስቀመጠችው መበለት፣ ከወር ደመወዝተኛው፣ ከጡረተኛው ኪስ የወጣ ነው። ቁርኣን የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን ከልክሏል። እንግዲህ ተበዳሪው ሀብታም፣ ከሳሪው ደሀ በሆነበት ዓለም፣ ለደሀው ተቆርቋሪ የሆነውን የሪባ ክልከላ ለዚህ ሥራ ሽፋን ማድረግ ትልቅ ድፍረት ነው። ፕሬዝዳንቱ ይህን አስበው አደረጉት አንልም፤ የልብን የሚያውቅ አላህ ነው። ሒሳቡን ቢሠሩት ኖሮ ግን ያዩት ነበር።

በታኅሣሥ 20 ቀን፣ ማለትም ነስን በጠሩ ማግሥት፣ ሌላ አዋጅ አወጁ። ገንዘቡን በሊራ ያስቀመጠ ሰው ከባንኩ ወለዱን ይወስዳል። ሊራው ከወለዱ በላይ ከወደቀ ደግሞ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍለዋል። ዶላሩ በዚያው ሰሞን ከ18 ሊራ ወደ 11 እና 12 ሊራ ወረደና ደጋፊዎች ጨፈሩ። ያን ቀን ግን ማንም ቆም ብሎ ሒሳቡን የጠየቀ ያለ አይመስልም። ብዙ ገንዘብ በባንክ ያለው ማነው? ሀብታሙ ነው። ልዩነቱ የሚከፈለው ከየት ነው? ከሁሉም ሰው ግብር፣ ወይም ከአዲስ ገንዘብ፣ እርሱም የሁሉንም ሰው ገንዘብ ከሚያቀጥነው። ነሐሴ 2023 ሲደርስ በዚህ ዓይነት የተቀመጠው ገንዘብ ከሦስት ትሪሊዮን ሊራ በልጦ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ ለ2023 ባወጣው ሒሳብ 818 ቢሊዮን ሊራ ከሰረ፣ ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው፤ የኪሣራው ዋና ምክንያትም ይኸው ክፍያ ነው። ወለድን ጠላሁ ያለ መንግሥት፣ ለባለ ገንዘብ ከወለድም በላይ ዋስትና ሰጠ!

ከጥንቶቹ ዑለማዎቻችን ስለዚህ የጻፈ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ኢብኑል ቀዪም (ረሒመሁላህ) ዲናርና ዲርሃም የሸቀጥ ሁሉ መለኪያ ናቸውና ጸንተው መቆም አለባቸው፣ እነርሱ ራሳቸው እንደ ሸቀጥ ከፍ ዝቅ ካሉ የሰው ኑሮ ይበላሻል የሚል ትምህርት ትተውልናል። መለኪያን ማጉደል ደግሞ በሱረቱል ሙጠፊፊን ምን እንደተባለበት አንባቢ ያውቃል። ገንዘብን ማቅጠን ሚዛን ከማጉደል በምን ይለያል? የሥጋ ሻጩ ሚዛን ቢጎድል የሚጎዳው አንድ ደንበኛ ነው። የአገር ገንዘብ ሲጎድል ግን ሰርክ የሚጎዳው አገሬው ነው።

ሌላው ምስክር የካይሮው የታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ናቸው። (እኚህ ሰው ለኛ ባዕድ አይደሉም፤ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት የጻፉት አጭር መጽሐፍ ለታሪካችን ከዋነኞቹ ምንጮች አንዱ ነው።) በካይሮ የገበያ ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሙሕተሲብ ሆነው አገልግለዋል። የዳቦ ዋጋ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው። በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ግብፅን ከባድ ረሃብና የኑሮ ውድነት ሲመታት፣ ሕዝቡ የአባይን መጉደል ብቻ ምክንያት ሲያደርግ፣ እርሳቸው «ኢጋሠቱል ኡማ» በተባለው ጽሑፋቸው ጣታቸውን ወደ ሹማምንቱ ቀሰሩ። ሹመት በጉቦ መሸጡን፣ የመሬት ኪራይ መናሩን፣ ከዚያም ፉሉስ የተባለው የመዳብ ሳንቲም ያለ ልክ ተሠርቶ ወርቅና ብሩን ከገበያ ማስወጣቱን ዘረዘሩ። ሡልጣኖቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ መስጊድና መድረሳም ያሠሩ ነበር። አል-መቅሪዚ ግን ይህ ሒሳቡን ከመመርመር አላገዳቸውም።

የዛሬዎቹ የኤርዶጋን ጠበቆችም አባይ ጎደለ ይላሉ። በ2022 ጦርነት ነበር፣ በዓለም ሁሉ ዋጋ ንሯል ይላሉ። እውነት ነው ንሯል። በጥቅምት 2022 ዩሮን በሚጠቀሙት አገሮች የዓመቱ ግሽበት 10.6 በመቶ ነበር። በዚያው ወር የቱርክ መንግሥት በራሱ ያወጣው ቁጥር 85.5 በመቶ ነው። በመካከል ያለውን 75 በመቶ የዩክሬን ጦርነት ያመጣው አይደለም። በዚያው ሰሞን ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን 10.5 አድርሶት ነበር፤ በየካቲት 2023 ደግሞ ወደ 8.5 በመቶ አወረደው። አስተያየቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ ወለዱ ከ19 ወደ 10.5 ሲወርድ ግሽበቱም ከ19 ወደ አሥር በወረደ ነበር። በአራት እጥፍ አደገ። ይህን ያህል ግልጽ መልስ ገበያ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

በጥር 2022 መጨረሻ ደግሞ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሥልጣናቸው ተነሱ። የዓመቱ ግሽበት 36 በመቶ መድረሱን መሥሪያ ቤታቸው ካስታወቀ ገና አንድ ወር አልሞላም ነበር። የተነሱበት ምክንያት አልተነገረም። ሕመምተኛው ትኩሳቱ ሲጨምር ቴርሞሜትሩን የሚቀይር ሐኪም አይተን እናውቃለን?

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት መሪ ሁሉ ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አለበት ወይ ብለህ ትጠይቀን ይሆናል። አይጠበቅበትም። ግን ነቢዩሏህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምድሪቱን ግምጃ ቤት እንዲሾሙበት ንጉሡን ሲጠይቁ ስለ ራሳቸው ያነሱት ሁለት ነገር ምን እንደነበር ልብ እንበል። ጠባቂነትና ዐዋቂነት ነው። ነቢይ ነኝ፣ የነቢይ ልጅ ነኝ ብለው አልጠየቁም። አማኝነታቸውን ለግምጃ ቤቱ ሥራ እንደ ማስረጃ አላቀረቡም። ከዚያም የሰባቱን የጥጋብ ዓመት እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ አደረጉ፣ ለሚበላው ጥቂቱ ብቻ እንዲወቃ አዘዙ። ይህ የጎተራ ሒሳብ ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውንም እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች የተምር ዛፎቻቸውን የወንዱን አበባ ከሴቷ እያገናኙ ሲያዳቅሉ አዩ፣ ባይደረግም ምናልባት ይሻል ነበር አሉ። ሰዎቹ ተዉት፤ ፍሬውም አነሰ። ሲነገራቸው ያ የራሳቸው ግምት እንደነበረና ሰዎቹ የዱንያ ጉዳያቸውን ይበልጥ እንደሚያውቁ አስረዱ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ስለ ተምር የገመቱትን ግምት ነስ ነው አላሉም። በ2021 የኢስታንቡል ገበያ ፍሬው ሲያንስ እየታየ፣ ሊራው በየቀኑ ሲወድቅ፣ ተሳስቼ ይሆን የሚል ቃል አልተሰማም።

የመጨረሻው ክፍል አጭር ነው። በግንቦት 2023 ምርጫውን አሸነፉ። ወዲያውም ቀድሞ ከመንግሥት ወጥተው የነበሩትን መሕመት ሺምሼክን የገንዘብ ሚኒስትር አድርገው መለሱ፣ ለማዕከላዊ ባንኩም አዲስ ገዥ ሾሙ። በሰኔ ወር ተመኑ ከ8.5 ወደ 15 በመቶ ዘለለ። በዓመቱ መጨረሻ 42.5 ደረሰ። በመጋቢት 2024 ደግሞ 50 በመቶ ሆነ፤ ነጋዴው ወንድማችን የጠቀሰው ቁጥር ይኸው ነው። ነስ ግን በዚያን ወቅት አልተጠራም። ከሁለት ዓመት በፊት 14 በመቶን ነስ አዝዞት ከነበረ፣ 50 በመቶን ማን አዘዘው? ወይስ ነስ ለምርጫ ጊዜ ብቻ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳው የእስልምና ጠላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን። የሚያነሱት ግን የኢስታንቡልና የአንካራ ወጣቶች፣ የሙስሊም ልጆች ናቸው። ወለድ ሲቀንስ አባታቸው ደህይቶ አዩ፣ ወለድ ሲጨምር ደግሞ ሰውየው ዝም ሲሉ አዩ። ብዙዎቹ ከዚህ የተማሩት ፖለቲከኛ ሒሳብ እንደሚሳሳት አይደለም። የሪባ ክልከላ በተግባር እንደማይሠራ ነው የተማሩት። ባልተሞከረ ነገር ላይ ተሞክሮ ወደቀ የሚል ፍርድ ተሰጠበት። ከ818 ቢሊዮን ሊራው ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ይህ ኪሣራ ነው። ሊራ በጊዜ ብዛት ይጠገን ይሆናል።

እኛም ብንሆን ሩቅ አይደለንም። በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ገንዘባችንን ስናስቀምጥ በስማቸው ተደስተን ብቻ እንዳንመለስ፣ የዓመት ሒሳባቸውንም እንጠይቅ፣ እናንብብ። ማንበብ ያልቻልን ለሚያነብ ልጃችን እንስጥ። ሒሳብ የተጠየቀ ሙስሊም ነጋዴ ወይም ሹም ተሰደብኩ ብሎ ሊቆጣ አይገባውም፤ ጠያቂውም ወንድሙን የጠላ መስሎት ሊያፍር አይገባም።

በዚያው 50 በመቶ በተወሰነበት በመጋቢት 2024 መጨረሻ ቱርኮች የከተማ አስተዳደር ምርጫ አደረጉ። የኤርዶጋን ፓርቲ ከተመሠረተ ጀምሮ በአገር አቀፍ የድምፅ ቁጥር ሲመራ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ከዋነኞቹ ቅሬተኞች መካከል ጡረተኞች ነበሩ። የዝቅተኛው ጡረታ በምርጫው ወቅት በወር 10,000 ሊራ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፓርቲው ድምፅ ሲሰጡ የኖሩ፣ ጁሙዓ የማያመልጣቸው ሽማግሌዎች ናቸው ከነዚህ ብዙዎቹ። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 10,000 ሊራ 310 ዶላር ያህል ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በ2021 መባቻ ዝቅተኛው ደመወዝ ከነበረው 380 ዶላር ያነሰ ነው። እነርሱ ሒሳቡን ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ በገበያ ቅርጫት ሠርተውት ነበር።

ወላሁ አዕለም።